ሁለት አቤት

ኮድ ጸሐፊዋ ሳሎን ሶፋ ላይ ላፕቶፗን ታቅፋ፣ ጥፍሯን በልታ ጨርሳ ወደ ጣቷ ልትሻገር ምንም አልቀራት። የምትሠራው ድረ ገጽ ጥያቄ በመጣ ቁጥር መልስ መስጠቱን ትቶ ስህተት ይተፋባታል።

«አሁንም አልተነሳሽም?» አለች እናቷ ከወጥ ቤት።

«ቆይ እማዬ! አንድ አድራሻ ላይ ሁለት ሜተዶች፣ ያው መልስ ሰጪ የኮድ ቁራጮች፣ አስቀምጬ፣ ጥያቄ ሲመጣ ሁለቱም እኔ ልመልስ ይላሉ። ጥያቄውን የሚቀበለው ሰርቨር የቱን እንደሚጠራ ግራ ገብቶታል።»

«ታዲያ አንዱን ሰርዢውና ተገላገዪ!»

«ሁለቱም እኮ ደህና ይሠራሉ። አሳዘኑኝ።»

«ኤዲያ! ለትርፍ ነገር ሆድሽ አይባባ።»

ልጅት ሳቀችና አንዱን ሰረዘችው። ድረ ገጹም ወዲያው ነፍስ ዘራ።

«ሚጣዬ!» ተጣራች እናት።

ልጅት እንደ ልማዷ «ቆይ!» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከመኝታ ቤት «አቤት እማዬ!» የሚል ድምፅ ቀደማት። የራሷው ድምፅ ነበር፣ ጎርናናነቱ ሳይቀር። ቤት ውስጥ ደግሞ ከእሷና ከእናቷ በቀር ማንም የለም።

እናት እጇን በፎጣ እየጠረገች ብቅ አለች። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ያንኑ ሹራብ የለበሰች፣ ያንኑ ፊት የያዘች ልጅ ቆማለች።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!» አሉ ሁለቱም እኩል።

እናት አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። የደነገጠች አትመስልም።

«አንቺ ነይ፣ ሽንኩርቱን ላጪልኝ» አለቻት በር ላይ የቆመችውን። ከዚያ ወደ ሶፋው ዞረች።

«አንቺ ደግሞ፣ ስትወጪ በሩን ግጠሚው።»