ስም ያልነበረው ቤተ መቅደስ

በኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ሁሉም ሠዓሊዋን ከበው ያደንቃሉ። ሥዕሉ ሰውን ጉንዳን የሚያስመስሉ ግዙፍ ዓምዶች ያሉት የጥንት ግብጽ ቤተ መቅደስ ነው። እሷ ግን አልሳለችውም። መምህሯ ጋሽ ይፍሩ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ፣ ስቱዲዮአቸውን ስታጸዳ ፊርማ ሳይኖረው አግኝታ ስሟን ጻፈችበት።

ድንገት ጋሽ ይፍሩ በልጃቸው እየተመሩ ገቡ።

"እስቲ ምን እንደሳልሽ ንገሪኝ" አሏት ፈገግ ብለው።

መዋሸት አቃታት።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። የእርስዎን ቤተ መቅደስ ነው የሰረቅኩት።"

የሽማግሌው ፈገግታ ጠፋ። በትራቸውን ጨበጡ።

"የኔ አይደለም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እስር ቤት የሞተው ጓደኛዬ ነው የሳለው። ስሙን ከሥዕሉ ላይ ፍቄ፣ የራሴን ከመጻፌ በፊት ዓይኔ ጠፋ።"