ጭቃውን ቅመሰው

ታናሽ ወንድሟ ሬዲዮ መገናኛውን በጨበጠበት እጁ ሲመታት አፏ ውስጥ ጭቃ ነበር። መንጋጋዋ ቀጭ አለ፤ በጎኗ ወደቀች። የራስ ቆቧ እየተንከባለለ ሄዶ የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመ።

"ይሄ ሦስተኛሽ ነው!" አለ ፎርማኑ ወንድሟ እየጮኸ። "ሁለቴ ሥራ አስቆምሽኝ፣ ሁለቴም ምንም አልመጣም። ኮንክሪቱ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ካቆምኩ ነገ እዚህ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው፤ ገባሽ?"

ገብቷታል። አሥር ዓመት ድንጋይ ተሸክሞ ነው ያንን የፎርማን ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው። እሷ የአፈር ባለሙያ ሆና እዚሁ ሥራ ላይ ስትመደብ ደስታውን አልቻለውም ነበር። "እትዬና እኔ አንድ ላይ! ማን ይነካናል!" ብሎ ነበር። ማንም አልነካቸውም፤ የነካት እሱ ራሱ ነው።

ስምንት ሜትር ታች፣ በሕንፃው መሠረት ጉድጓድ ውስጥ፣ ስድስት ሰዎች ፌሮ ያስራሉ። አንዱ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ሁለቱንም ያሳደገ አጎታቸው ነው።

ይህ ቦታ ጥንት ሐይቅ ነበር። በረጋ ውሃ ውስጥ የተኛ ሸክላ አፈር ጨዋ ነው፤ ቢቆርጡት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወንዝ ገብቶበት ደቃቅ አሸዋ ካነጠፈበት ግን አለቀ፤ ያ አሸዋ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይሄዳል። ደግሞም ምድር ከሥር ተሰንጥቃ ስትለያይ ድርብርቡን ሁሉ ወደ ጉድጓዱ አዘንብላዋለች። ሌሊቱን ዘንቦ አደረና ጠዋት የጉድጓዱ ግድግዳ ሥር ውሃ አነባ። "እስክቀምሰው ሰዎቹን አውጣቸው" አለችው ወንድሟን፤ ከጭቃው ቆንጥራም ወደ አፏ ከተተች። ያንን አሸዋ ከሸክላው ዓይን አይለየውም፤ ጥርስ ነው የሚለየው። ጉድጓድ ቆፋሪው አባታቸው ገና በልጅነታቸው አፋቸው ውስጥ አፈር እየጨመረ ያስተማራቸው ይህንኑ ነው፦ ከለሰለሰ ቆፍር፤ ካንቀጫቀጨ እግሬ አውጪኝ በል።

አሁን መሬት ላይ እንደተጋደመች አኘከችው። ቅጭጭ አለ። አሸዋው ነው? ምላሷን ላከች። የፊት ጥርሷ ግማሹ የለም። ታዲያ ያንቀጫቀጨው የቱ ነው? ሃያ ዓመት ያመነችው አፏ ከዳት። ንዴቷ ከሕመሙ ባሰ፤ ጭቃውን ከነደሙ እጇ ላይ ተፍታ ጨበጠችው።

"በዓመት ጥፍር ታህል የምትሄድ ምድር" አለ ወንድሟ እያላገጠ፣ ኮሌታዋን ይዞ ሊያነሳት ሲጎነበስ፣ "ዛሬ እኔ ላይ ነው የምትቸኩለው?"

"ቀስ ብላ ትገፋለች። ስትለቅ ግን ማንንም አታስፈቅድም!"

ከቀበቶዋ በመዘዘችው የድንጋይ መዶሻ እጀታ ቁርጭምጭሚቱን ዠለጠችው። እየጮኸ ተደፋ። ተያያዙና ጭቃው ላይ ተንከባለሉ። በልጅነታቸው ሲጣሉ ጠጉሯን ነበር የሚይዘው፤ አሁንም ያው ጠጉሯን ያዘ። ክርኑ ዓይኗን አገኘው። እሷ ጉልበቷን ሆዱ ውስጥ ቀረቀረች፣ ትንፋሹ ሲቆረጥ ደረቱ ላይ ወጣች፣ አፍንጫውን ጠምዝዛ ያዘች።

"እኔ መለየት አልችልም! ጥርሴን ሰብረኸዋል! ያንተ ደህና ነው፣ አንተ ቅመሰው!"

አየር አጥሮት አፉን ሲከፍት የጨበጠችውን ሁሉ ወተፈችበት። አገጩንም በመዳፏ ዘጋችው። ተንፈራገጠ፣ ቧጠጣት፣ ወገቧን ደበደበ። "አኝክ! የአባትህን ሥራ ሥራ!"

አኘከ። ከጉንጩ ሥር፣ ከመዳፏ በታች፣ ቅጭጭ ሲል ሰማችው። እሱም ሰማ። መደብደቡን ተወ፤ ዓይኑ ፈጦ ቀረ።

ፊሽካውን ያዘና ነፋ። አፉ ሙሉ ጭቃ ነው፤ ፍስስ ብሎ ቀረ። ነጠቀችውና ደም በሚያዥ ከንፈሯ ሦስት ጊዜ ነፋች። ሦስት ጊዜ ማለት ሁሉን ጥለህ ውጣ ማለት ነው።

አንድ በአንድ በመሰላሉ ወጡ፤ አጎታቸው መጨረሻ። ሁለቱን ሲያይ ራሱን ያዘ። "ምነው አፈር በበላሁ! ተፋጃችሁ እኮ! መቼ ነው እናንተ የምታድጉት?"

የኮንክሪቱ መኪና ከበሩ ገብቶ ጡሩምባውን ነፋ። ወንድሟ በክርኑ ተደግፎ ጭቃውን መዳፉ ላይ ተፋ፤ በአውራ ጣቱ በተነው። መሀሉ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፤ ግማሽ ጥርስ።

እሷም አየችው። ለካ ከአፏ የተፋችውን ነው ያጎረሰችው። ያንቀጫቀጨው አሸዋ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበር ማለትም አይደለም። ሦስተኛዋ ማስጠንቀቂያም ውሸት ከሆነች እሷም እሱም ነገ እዚህ የሉም።

"በሉ እንጂ" አለ አጎታቸው፣ "እንውረድ ወይስ እንቅር?"

መኪናው ደግሞ ጮኸ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ይሳደባል። ስድስቱ ሰዎች ፎርማኑን ያያሉ፤ ፎርማኑ መዳፉ ላይ ያለውን ጥርስ ያያል፣ ከዚያ የእህቱን አፍ አየ። ጥርሱን በመዳፉ ውስጥ ጨበጠው።

"ማንም አይወርድም!" አለ። አንድ ሁለቱ አጉረመረሙ። "ማንም አልኩ!"

ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። "እትዬ፣ እጄ ይሰበር..."

አልሰማችውም። እያየች የነበረው መሰላሉን ነው። ማንም ሳይነካው፣ ነፋስ እንኳ በሌለበት፣ ግድግዳው ከኋላ እየገፋው ጫፉ ከአፋፉ ለቀቀና ቀስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ መሀል ማዘንበል ጀመረ።