ባለቤቱ የጠፋ ዓረፍተ ነገር

ወጋየሁ ደብዳቤውን አምስት ዓመት ሙሉ በደረት ኪሱ ይዞት ዞሯል። መታጠፊያው ተበልቶ በፕላስተር ተያይዟል። ወረቀቱ አርጅቷል፤ ቂሙ ግን ትናንት የተያዘ ነው የሚመስለው።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ፊርማ የሌለው፣ የሁለት መስመር ነገር ነው። «የመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና ወደ ወጋየሁ ቤት ተወሰደ፤ አልጋ ሥር ተደረገ» ይላል። ማን እንዳደረገው አይልም።

ወጋየሁ በ1984 ዓ.ም. ከአንድ የእርዳታ ድርጅት የተባረረው በዚህች ወረቀት ነው፤ ሲያሰናብቱትም ወረቀቷን ሰጡት። ታይፑን ቤቱ ወስዶ እንዲሠራበት በቃል የፈቀዱለት ፈረንጅ አለቃ አገራቸው ገብተው ነበር። አዲሱ ፈረንጅ ዘበኛ ልኮ ቤቱን አስፈተሸ፤ ታይፑም አልጋ ሥር ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ወጋየሁ የሰፈሩ የብስራተ ገብርኤል ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ኪሱን የሚጠብቅ ይመስለዋል።

ጸሐፊውን የሚያወጡ ሁለት ምልክቶች በእጁ ነበሩ። አንደኛ፣ በደብዳቤው ላይ «ኢ» የምትባለው ፊደል ከመስመሯ ዘለል ትላለች፤ ይህ የዚያው የታይፑ አመል ነው። እንግዲያው ጸሐፊው የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ግሱ ተበላሽቷል። «ተደረገ» ለማለት «ዋዝ ፑት» ሲበቃው «ዋዝ ቢን ፑት» ብሏል።

ያን ጊዜ ታይፑን ከታክሲ አውርዶ፣ ተሸክሞ ገብቶ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠለት የሥራ ባልደረባው ክብረት ነበር። በኋላ ወንበሩን የወረሰውም ክብረት ነው። ለወጋየሁ ይኸው በቂ ነው።

ዘንድሮ ድርጅቱ ሠራተኛ ሊቀንስ ሆነ። አምስት ጸሐፊዎች የእንግሊዝኛ ሪፖርት አጻጻፍ ተምረው እንዲፈተኑ ተወሰነ፤ የወደቀ ወደ ቤቱ ነው። ያባረረው ፈረንጅ ስለሄደ፣ ወጋየሁን ለአስተማሪነት ጠቁሞ ያስቀጠረው ራሱ ክብረት ነበር።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ከእርስዎ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚያውቅ የለም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለው።

ወጋየሁ አመሰገነው። በሆዱ ግን፣ «ጸጸት ነው የሚያናግረው» አለ።

ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በወጋየሁ ሳሎን ሆነ። ሚስቱ ማሚቴ ሻዩን አቅርባ ከመጋረጃው ጀርባ ምስር ትለቅማለች። እሷንም ድሮ እንግሊዝኛ ያምራት ነበር። እሱ ከሥራ ሳይባረር ለታይፒስትነት ማመልከቻ ጽፋ ብታሳየው፣ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አቅልቶ ለእንግዶች አነበበላቸው፤ እንግዶቹም በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ስለ እንግሊዝኛ አንስታበት አታውቅም።

«ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው» ይላል ወጋየሁ ጠመኔውን እያወዛወዘ። «ብርጭቆው ተሰበረ አትበሉኝ። ማን ሰበረው? ባለቤቱን ከፊት አምጡት። ተደራጊ ግስ የፈሪ መደበቂያ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል አልሰማችሁም? የወጋ አድራጊ፣ የተወጋ ተደራጊ።»

ይህን ሲል ዓይኑ ከክብረት ላይ አልተነሣም።

በመጀመሪያው ሳምንት ስለጠፋ ዕቃ ጻፉ ብሏቸው ነበር። ክብረት «መነጽሬ ዋዝ ቢን ሎስት» ብሎ ጻፈ። ወጋየሁ ቃሉን ሲያይ የደረት ኪሱን ዳሰሰ። ሐሚዳ የምትባለው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊም «ዋዝ ቢን» ብላ ነበር፤ የእሷን አረመና አለፈ። የክብረትን ግን ሳያርም ተወው። ሌባ ያሰኘውን ሰው እንጀራውን አስጥሎ በተራው ሰፈር ለሰፈር አንገቱን ሲደፋ እስኪያይ እንቅልፍ አልነበረውም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ወጋየሁ የደብዳቤውን ዓረፍተ ነገር ከነስሕተቱ ሰሌዳው ላይ ገለበጠ፦ «ታይፑ ዋዝ ቢን ፑት አልጋ ሥር።»

«ይህን አርሙ» አለ። «ወደ አድራጊ ግስ ለውጡት። ባለቤቱን ፈልጋችሁ ከፊት አስቀምጡ።»

ተማሪዎቹ አቀርቅረው መጻፍ ጀመሩ። ከመጋረጃው ጀርባ የምስሩ ድምፅ ቆመ።

ተማሪዎቹ ጽፈው ሲጨርሱ ማሚቴ ብርጭቆዎቹን አነሣች፤ ወረቀቶቹንም ሰብስባ ጠረጴዛው ጥግ ደረበቻቸው። ክብረት ከሁሉም ወደ ኋላ ቀረ።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ አራት ልጆች አሉኝ። እንግዲህ እንጀራቸው በእርስዎ እጅ ነው።»

«የሚገባህን ታገኛለህ» አለው።

ሐሚዳ ውጤቱን ለሥራ አስኪያጁ ለማድረስ ደጅ ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ የሚሰናበቱት ስም ዝርዝር ዛሬውኑ ይፈረማል። ወጋየሁ ወረቀቶቹን ሳይነካ ሪፖርቱን ጻፈ። እንዲህ ያለ የጠራ እንግሊዝኛ ጽፎ አያውቅም። «ክብረትን ፈተንኩት። ክብረት ወደቀ። ድርጅቱ ክብረትን ያሰናብት።» ግሱ ሁሉ አድራጊ፣ ባለቤቱ ሁሉ ያልተደበቀ። ፖስታውን አሽጎ ለሐሚዳ ሰጣት፤ ታክሲ ውስጥ ስትገባ በመስኮት አያት። አምስት ዓመት ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲወርድ ተሰማው፤ ደስ አለው።

ከዚያ ሻዩን ይዞ ተቀመጠና ክብረት ራሱን እንዴት እንደደበቀ ሊያይ ወረቀቶቹን ሳበ። ክብረት «አንድ ሰው ታይፑን አልጋ ሥር አደረገ» ብሏል።

«አንድ ሰው!» አለና ሳቀ።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ። የአምስቱን ተማሪዎች ጨርሶ ከሥር አንድ ተረፈ። ስም የለውም። በገዛ ራሱ ቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። የሰሌዳው ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ «ቢን» የሚለው ቃል በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ ስሕተት የማይወጣለት እንግሊዝኛ ሰፍሯል፦ «ታይፑን አልጋ ሥር ከተትኩት። ከመክተቴ በፊት ግን ደብዳቤውን ጻፍኩበት።»

ከዚያ በታች በአማርኛ፦

«ባለቤት፦ ባለቤትህ።»