አንቀጽ ሰባት እስኪደርስ

ሰብሳቢው አንቀጽ አራትን አንብበው ሳይጨርሱ መሐንዲሷ ስልኳን ከጠረጴዛው ሥር አይታ መልሳዋለች። አባቷ አልደወሉም። አለመደወላቸው ደግሞ ከመደወላቸው ይብስባታል።

ቦርሳዋ ውስጥ የአባቷ የጥሪ ቁልፍ አለ። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ነገር ነው፤ ሲወድቁ ይጫኑታል፣ ሳሎን ያለው ተቀባይ ይጮኻል፤ እሷ ባትኖር እንኳ ጩኸቱ ጎረቤት ይሰማል። ለኮሚቴው ልታሳይ ተቀባዩንም ይዛ መጥታለች። የአባቷን ትታ ሌላ ቁልፍ እንዳታመጣ፣ ተቀባዩ የሚያውቀው ይሄንኑ ብቻ ነው። ጠዋት አባቷ ከአንገታቸው አውልቀው ሲሰጧት፣ "ውሰጂው፤ ለግማሽ ቀን አልወድቅም፣ ቃሌ ነው" ብለው ቀለዱ። እስክትመለስ ከወንበራቸው ላይነሡም ማሉላት። አባቷ ግን ተቀመጡ ሲባሉ ሥራ ትዝ የሚላቸው ሰው ናቸው።

ኮሚቴው የሚመረምረው ገመድ አልባ መሣሪያዎች በአንድ አየር ላይ ሳይረባበሹ እንዴት አብረው እንደሚሠሩ የሚደነግግ ረቂቅ ነው። ዛሬ የመጨረሻው ንባብ ነው። የዚህ ቤት ወግ የታወቀ ነው፦ አንቀጹ ይነበባል፣ ሰብሳቢው በመነጽራቸው አናት ዙሪያውን ያያሉ፣ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። ይሄ ሁሉ ችኮላ ባለበት ቤት አንቀጽ ሦስት ላይ የጠፋው ጊዜ ለጉድ ነው፤ "እና" ይሁን "ወይም" በሚል ሁለት ሰዎች ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም።

ክርክሩን ያራገበው ረቂቁን የጻፈው ሰውዬ ነው። በሌለበት "ነጠላ ሰረዝ" ይሉታል። ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባላት፤ ግን አይደለም፣ የሚያናድዳትም ይሄው ነው። ዛሬ ራሱ በረቂቁ መሠረት ያስተካከለውን የዋይፋይ መሣሪያ አምጥቶ ጣሪያው ላይ ሰቅሏል። የተሰብሳቢው ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ በእሱ ይጠቀማል፤ ፍጥነቱ እጅ በአፍ ያስጭናል።

ለእረፍት ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትደውላለች።

"አባዬ፣ ተቀምጠሃል?"

"ተቀምጫለሁ።"

"የምን ውኃ ነው የሚንሿሿው?"

"የጎረቤት ነው።"

"አባዬ!"

"ተቀምጫለሁ አልኩሽ እኮ! አንቺ ሥራሽን ሥሪ።" ይዘጉባታል።

ሁሉን ትታ ወደ ቤት መብረር ያምራታል። ከሄደች ግን አንቀጽ ሰባት እሷ በሌለችበት ይነበባል፣ ይጸድቃል።

አንቀጽ ሰባት እንደ ዋይፋይ ያሉትን ትልልቅ መሣሪያዎች ከማስተላለፋችሁ በፊት አየሩን አዳምጡ፣ ሌላ ካለ ጠብቁ ይላቸዋል። እስከዚህ ደግ ነው። ቀጥሎ ግን ከተወሰነ መጠን በታች የደከመ ምልክት እንደሌለ ይቆጠር ይላል። ግድግዳ አልፎ የሚመጣ የትንሽ ቁልፍ ጥሪ ደግሞ እንዲህ የደከመ ነው። ባለፈው ወር ከፎቅ ያሉት ጎረቤቶች እንዲህ የተስተካከለ አዲስ መሣሪያ አስገቡ። አባቷ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ቁልፉን ተጫኑ፣ ደጋግመው ተጫኑ። እሷ ሳሎን፣ ተቀባዩ አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር። ተቀባዩ ትንፍሽ አላለም። ስታገኛቸው አልተቆጧትም፤ ግራ ገብቷቸው፣ "ስጠራ ለምን አልመጣሽም?" ብቻ አሏት። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳታል።

"አንቀጽ ሰባት" ይላሉ ሰብሳቢው። አንብበው ሲጨርሱ ዙሪያውን ያያሉ። "ተቃውሞ ከሌለ..."

"አለ!" ድምፅዋ ራሷን ያስደነግጣታል።

ተቀባዩን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና ቁልፉን ትጫናለች። ተቀባዩ ይጮኻል፤ ያንቀላፋው ሁሉ ብንን ይላል።

"ይኸው ሠራ!" ነጠላ ሰረዝ ይስቃል። "የኔ እህት፣ ይሄ እኮ ተፈትኖ ያለቀ ነገር ነው። አባሪው ላይ አለልሽ።"

"የአባሪውን ፎቶ እየው። እንዲህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ነው የፈተናችሁት። ሰው ጠረጴዛ ላይ አይወድቅም።"

አንድ ሁለት ሰው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

"ታዲያ ምን ይደረግ?" ይላሉ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ።

"እሱ ራሱ ቁልፉን ይዞ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው መጸዳጃ ቤት ይግባ፣ በሩን ዘግቶ ይጫነው። ከሰማን አንቀጹ ይለፍ፤ እኔም አፌን እይዛለሁ።"

ነጠላ ሰረዝ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያጠልቅና ወገቡን ይዞ እንደ ሽማግሌ እያዘገመ ይወጣል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ይጠብቃሉ። ተቀባዩ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ቁጭ ብሏል። አንዱ ስልኩ ላይ ኳስ ያያል፤ ምስሉ አንዴም አይቆራረጥም። ሳቁ ይቀንሳል፣ ይጠፋል። እሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። ቢጮኽ ተሸነፈች፤ ሆኖም በሆዷ ጩኽ፣ በናትህ ጩኽ እያለች ነው። ሰብሳቢው "አልፏል" ብለው ሊጽፉ ያነሡትን እስክሪብቶ እንደያዙ ቀርተዋል።

በሩ ይከፈታል። ነጠላ ሰረዝ አውራ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አላነሣም፤ ቅር ብሎታል።

"ምነው? ይሄን ያህል ስጠራ ለምን አልመጣችሁም?"

ወደ ጠረጴዛው ሲጠጋ ተቀባዩ መጮኽ ይጀምራል። ደንግጦ ጣቱን ያነሣል።

"ስጠኝ" ትለዋለች እጇን ዘርግታ። "የአባቴ ነው። ያለሱ ብቻውን ነው የዋለው።"

ቁልፉን ከአንገቱ ያወልቃል፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መዳፏ ላይ ያስቀምጠዋል።

"ሂጂ" ይላታል። "አንቀጹን እኔ እቃወማለሁ።"

ኮሪደሩ ላይ እየሮጠች ትደውላለች። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፤ ይነሣል። ገና አፏን ሳትከፍት፣ "ተቀምጫለሁ" ይሏታል አባቷ። ከኋላቸው ውኃው አሁንም ይንሿሿል።