የአባባ ስቱሬ ካርቶን

«ደግሞ መጡ! ካርቶናቸውን ታቅፈው መጡ!»

ዮርገን ከእረፍት ክፍሉ መስኮት አልላቀቅ ብሏል...

ግቢው ውስጥ አንድ አዛውንት ወደ ቢሮው ደረጃ ይሄዳሉ። አባባ ስቱሬ ናቸው። በዚሁ ድርጅት ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል።

«ምን ፈልገው ነው?» አለ አንዱ ሾፌር።

«ልጃቸውን ሊያስቀሩ ነዋ! በዚህ ሳምንት ሦስተኛቸው ነው።»

ልጃቸው ፔርኒላ እዚያው ጥግ ላይ ዳቦዋን ትበላለች። እሷም ሾፌር ናት። ሰምታለች... ግን ቀና አላለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ስዊድን፣ ዮንሾፒንግ ከተማ ያለው የጭነት ድርጅት ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ከሠላሳ ሾፌር አሥራ ሁለት ብቻ ይበቃናል አሉ።

ስዊድን ውስጥ ደግሞ ሠራተኛ ሲቀነስ ዘግይቶ የገባ ቀድሞ ይወጣል። አለቃ ስለወደደህ አትቀርም።

ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ጊዜያዊ ዝርዝር...

አሥራ ሁለተኛ ፔርኒላ።

አሥራ ሦስተኛ ዮርገን።

በሁለት ወር በለጠችው! ሃያ ዓመት ነድቶ... በሁለት ወር!

«በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል?» እያለ ሚስቱን እንቅልፍ ነሳት። ቡናውን ቀድቶ ይረሳዋል። ቁጭ ብድግ ብቻ ሆነ ሥራው።

የሚያንገበግበው ደግሞ ሌላ ነው። ገና ሳይቀጠር ሦስት ወር፣ እረፍት የወጡ ሾፌሮችን ተክቶ ሠርቷል። እሱ ቢደመርለት ፔርኒላን ይቀድማታል!

ቢሮ ሄዶ ጠየቀ።

«የዚያን ጊዜ ፋይል የለም። ማስረጃ ካለህ አምጣ» አሉት።

ያኔ ሥራውን ያለማመዱት አባባ ስቱሬ ነበሩ።

«ታዲያ ለምን እሳቸውን አትጠይቅም?» አለችው ሚስቱ።

«የገዛ ልጃቸውን አስወጥተው እኔን ሊያስቀሩ? እንዴት ያለሽ የዋህ ነሽ!»

እናም ያን ቀን በመስኮት እንዳያቸው ወርዶ ደረጃው ላይ ጠበቃቸው።

«አያፍሩም አባባ ስቱሬ? ለአለቆቹ የያዙት ምንድነው... ውስኪ?»

አዛውንቱ ቆም አሉ። ካርቶኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ጉልበቴን ያመኛል ልጄ... አሳልፈኝ።»

በቃ። አልፈውት ደረጃውን ወጡ።

ሰኞ ጠዋት የመጨረሻው ዝርዝር ተለጠፈ።

ዮርገን ማየት ፈራ። በቀጥታ እረፍት ክፍል ገባ...

ጠረጴዛው ላይ ትልቅ አረንጓዴ ኬክ! ፔርኒላ ቢላ ይዛ እየቆረሰች ታድላለች።

ደሙ ፈላ።

«ሰው እንጀራውን አጥቶ አንቺ ኬክ ትቆርሻለሽ? ትንሽ አታፍሪም?»

ፔርኒላ ቢላውን አስቀመጠች።

«ዮርገን... እዚህ ቤት ኬክ የሚገዛው ማነው?» አለችው ቀስ ብላ።



እዚያ ኬክ የሚገዛው ተሰናባቹ ነው። ስንቱን ሰው ሲሸኝ በልቷል... ንዴት አስረሳው!

ወደ ግድግዳው ሮጠ።

አሥራ ሁለተኛ ዮርገን።

አሥራ ሦስተኛ ፔርኒላ።

«እንዴት ሆኖ?»

ፔርኒላ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችው። አንዲት ክብ ወረቀት... የድሮ መኪና ፍጥነትና ሰዓት የሚመዘግብባት፣ ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት ስሙንና ቀኑን የሚጽፍባት።

በራሱ የእጅ ጽሑፍ... ዮርገን!

«አባቴ የመኪናውን ወረቀት በሙሉ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጦታል። አንተን ያለማመደበትን ጊዜ አስታወሰ። ቢሮው የየቀኑን አምጣ ስላለው ነው ሲመላለስ የሰነበተው።»

ዮርገን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አንቺ... ታውቂ ነበር?»

«ዓይኑ እኮ ደክሟል። ማን ያነበበለት ይመስልሃል?»

...

«ውሸቴን አይደለም፣ ሁለት ቀን አኩርፌው ነበር» አለች። «"ሠርቷል ወይስ አልሠራም?" አለኝ። ሠርተሃል። ምን ልበለው?»

አንድ ቁራሽ ኬክ ሳህን ላይ አድርጋ ሰጠችው።

«በል ብላ።»

ዮርገን አልበላም። ከሥራ ሲወጣ ቁራሹን እንደያዘ የአባባ ስቱሬን በር አንኳኳ።

በሩ ተከፈተ። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ... እንባ ቀደመው።

አዛውንቱ አዩት፣ ኬኩንም አዩት።

«ጉልበቴን ያመኛል አላልኩህም? ና፣ ካርቶኑን ወደ ጋራዥ መልስልኝ» አሉት።

ወዳጆቼ... እኛ ሰው ካርቶን ይዞ ወደ ቢሮ ሲገባ ስናይ ጉቦ ነው ብለን እንምላለን። ውስጡ የኛው እውነት ሊኖር እንደሚችል ማን ያስባል? ሰውን ሳትጠይቁ አትፍረዱበት። እውነት ደግሞ የምትፈተነው የገዛ ልጅህን ስታስከፍልህ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ... ልጃችሁ አሥራ ሁለተኛ ላይ ሆና፣ ያን ካርቶን ከጋራዥ ታወጡት ነበር... ወይስ አላየሁም ብላችሁ በሩን ትዘጉ ነበር?

የሆዳችሁን ጻፉልኝ። 👇