ቀኝ ነው ግራ?

ከጠዋት ጀምሮ የምመዘግበው ትከሻ ብቻ ነው። የተሰበረ፣ የወለቀ፣ የደረቀ፤ ሁሉም የየራሱ ኮድ አለው። ሐኪሞቹ ደግሞ የቱ ትከሻ እንደሆነ መጻፍ ይረሳሉ። ኮምፒውተሩ ቀኝ ወይም ግራ ካልተባለ አልቀበልም ስለሚል፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት በሽተኛ ስጠራና ስጠይቅ እውላለሁ።

ለምሳ ልወጣ ስል አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን አቀበሉኝ። ሐኪሙ ክንዳቸው ወደ ላይ እንደማይነሳ ጽፏል። የቱ እንደሆነ ግን የለም።

"አባቴ፣ ቀኙ ነው ግራው?"

ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

"አስተማሪ ነኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዘበኛችን ባልሠራው ጥፋት ይባረር ተብሎ ተሰበሰብን። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ ሲሉ፣ ከእኔ በቀር ያላወጣ የለም። አሁን ለምን እንዳላወጣህ በማስረጃ አስረዳ ተብያለሁ።"

"እሺ፣ ታዲያ ቀኙ ነው ግራው?"

"ቀኙን ብቻ ብትጽፊ፣ ግራህን አታወጣም ነበር ወይ ይሉኛል። ሁለቱንም አድርጊልኝ፣ ልጄ።"

ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ሁለት ኮድ አስገባሁና ወረቀቱን ማኅተም መትቼ ሰጠኋቸው።

አንብበው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው መስኮቱ ላይ አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ወደ ሰማይ ዘርግተው መረቁኝ።

"እጅሽ ይባረክ! ክንድሽን አያዝለው!"

ግራ ቀኜን አየሁ። ማንም አልነበረም።

"አሜን" አልኩ።