የአጭሩ ቀን ፀሐይ

«ዛሬ ዘገየች» ትላለች እናቱ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል።

ግንበኛው ልጇ ራስጌዋ ቆሟል። ምሳውን ትቶ ነው መንገዱን ተሻግሮ የመጣው፤ ጣቶቹ ላይ ያለው ሲሚንቶ ገና አልደረቀም።

ዛሬ የዓመቱ አጭር ቀን ነው። በሌላው ጊዜ ፀሐይ ሽቅብ ስለምትወጣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ቀርታ ትመለሳለች። በዚህ ሰሞን ግን ዝቅ ትልና እኩለ ቀን ላይ ክፍሉን አቋርጣ አልጋው ላይ ትወጣለች። «ሌላ ጊዜ ከላይ ሆና ነው የምታየን» ትል ነበር እናቱ፣ ልብስ ሰፊ ሳለች፣ በዚያ ብርሃን ክር እያሾለከች። «አቅም ስታጣ ነው ጎንበስ ብላ የምትገባው።»

እናቱ ለከርሞ እንደማትደርስ ሐኪሙ ለልጁ ብቻ ነው የነገረው። እሷ ግን ማንም ሳይነግራት «የዘንድሮዋን ብቻ ልያት» ብላ ከጠዋት ጀምሮ ትጠብቃለች።

«ደመና ይሆናል፣ እማ።»

«ደመና እንዲህ ቀጥ ያለ ጠርዝ የለውም።»

ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም። ፀሐይዋን የጋረደው፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመው ፎቅ የላይኛው ግድግዳ ያለቀው ባለፈው ሳምንት ነው። ብሎኬቱን የደረደረው እሱ ነው። መድኃኒቷም የሚገዛው በዚያው ሥራ ክፍያ ነው።

«ያንተ እጅ ነው አይደል?» ትለዋለች። «አውቄዋለሁ። ዝንፍ አላለም።»

አልጋው አጠገብ ይንበረከክና ጀርባውን ያዞርላታል።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ላዝልሽ።»

«ዓለም ተገለበጠች በለኛ!» ሳሏ ሳቋን ያቋርጠዋል። ግን እጆቿን አንገቱ ላይ ትጠመጥማለች። ብርድ ልብሱን በላይዋ አድርጎ ደረቱ ላይ ይቋጥረዋል።

መንገዱን ሲሻገር፣ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንደቀለለች ትከሻው ያውቃል። አይነግራትም።

የፎቁ ደረጃ ሥር ዘበኛው ይጋረጥባቸዋል። «ያለ ሄልሜት ማንም አይወጣም! እኔን ነው የሚያባርሩኝ።»

«ልጄ» ትለዋለች ከልጇ ጀርባ ላይ ሆና፣ «ከዚህ ወዲያ ጭንቅላቴን ምን ያገኘዋል ብለህ ነው?»

ዘበኛው ወዲያና ወዲህ ያያል። የራሱን አውልቆ ይደፋላታል። «ቶሎ ውረዱ እንግዲህ፣ እማማ።»

መደገፊያ ያልተሠራለትን ደረጃ ግድግዳ ግድግዳውን ታክኮ ይወጣል። በየፎቁ አንገቱ ላይ ያለው ትንፋሽ እያጠረ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ጨርሶ ይጠፋል። እግሩ ባለበት ይደርቃል።

«ምን ይገትርሃል?» ትለዋለች።

ላይ ነፋሱ ይቆርጣል። ፀሐይዋ አለች፤ ገርጥታለች፣ ግን አለች። እናቱን እንድታገኛት ጀርባውን ለፀሐይዋ ሰጥቶ፣ ራሱ የሠራው ግድግዳ አጠገብ ይቆማል። ግድግዳው ወገቡ ድረስ ነው።

«አትሞቅም እኮ» ትላለች እናቱ።

«እንውረድ?»

«ቆይ።»

ታች፣ የቤታቸው ቆርቆሮ ላይ የፎቁ ጥላ ተኝቷል፤ ጠርዙ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሏል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጎብጧል፦ ሁለት ራስ፣ አንደኛው ሄልሜት የደፋ።

እናቱ ከብርድ ልብሱ ውስጥ እጇን አውጥታ ወደ ላይ ታነሳለች። ቆርቆሮው ላይ፣ ቀጥ ካለው ጠርዝ አልፋ፣ አንዲት ትንሽ እጅ ብርሃኑ ውስጥ ትዘረጋለች።